ለአሮጌ ቮልስ ቾክ አንድ አዳር

እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራችው ባለ 1600 ሞተር ቮልሴ የምታድረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሞተሯ ይነሣና ሁለት ሦስት ጊዜ ተንተፋትፎ ይጠፋ ነበር። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ አድርገንልሃል» ብሎ ሸኘኝ። እውነትም ጠዋት መጥፋቷ ቀረ፤ ነገር ግን ከሞቀች በኋላም ትራፊክ መብራት ላይ ቆማ ትጮኽ፣ በማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር፤ ካንዴላዎቹም ሲፈቱ ጥላሸት ለብሰው ተገኙ።

ይህን አስተያየት የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሄድኩበት፣ ጨርቆስ አካባቢ ስለሚገኝ አነስተኛ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ሲሆኑ፣ ካቻቪቴ ከማንሣታቸው በፊት የአየር ማጣሪያውን አውርደው፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ልጄ፣ መኪናዋ እዚሁ ትደር፤ የብርድ ሕመም በብርድ ነው የሚታየው» አሉኝ።

ሶሌክስ 34 ፒክት-3 የሚባለው ይህ ካርቡራተር የሞተሩን ሚኒሞ የሚያስተካክሉ ሁለት ብሎኖች በጎኑ አሉት፤ ትንሹ የድብልቁ፣ ትልቁ የፍጥነቱ ነው፤ የነዳጅ መስጫው ክንድ ላይ ያለው ሦስተኛው ብሎን ግን ሥራው ሌላ ነው። እርሱ የሚያርፈው ቾኩ፣ ማለትም በብርድ ጊዜ የአየር መግቢያውን በክዳን ዘግቶ ድብልቁን በቤንዚን የሚያወፍረው ክፍል፣ በሚያንቀሳቅሰው ደረጃ ባለው ጥርስ ላይ ስለሆነ፣ የሚወስነው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚኖረውን ፍጥነት ነው። የቀድሞው ጋራዥ ያጠበቀው ይህንኑ ብሎን ነበር። አልፎ ተርፎም የቾኩን ክብ ሽፋን እስከ መጨረሻው ወደ ወፍራም (ቤንዚን ወደበዛበት) ድብልቅ አዙሮት ስለነበር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ፣ አየሩ በራሱ ስስ በሆነበት ከተማ፣ ሞተሩ በቤንዚን መታፈኑ አይገርምም።

አዛውንቱ በዚያው ዕለት፣ ሞተሩ እንደሞቀና ቾኩ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ፣ ያን ብሎን ጥርሱን እስኪለቅ አላልተው፣ እንደገና ጥርሱን እንደነካ ሩብ ዙር ብቻ አጠበቁት። ከዚያ የድብልቁን ብሎን በቀስታ እስከ መጨረሻው አስገብተው ሁለት ዙር ተኩል ከፈቱት፤ ፍጥነቱንም በትልቁ ብሎን ወደ 850 ዙር በደቂቃ አወረዱት። በዙር መለኪያ ነው የሠሩት፤ በጆሮ ብቻ የሚሠራ መካኒክ ለለመደ ሰው ይህ ራሱ ያስደስታል።

ዋናው ነገር የተገለጠው ግን በማግስቱ፣ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቾኩ እንዲዘጋ ነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ እስከ ወለሉ እንድረግጥ አዘዙኝ፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት የአየር መግቢያው ክዳን ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። የክዳኑ ዘንግ በአቧራና በደረቀ ቤንዚን ተይዞ ኖሯል፤ የመጀመሪያው መጥፋት መነሻም ይኸው ነበር! ዘንጉን አጥበው፣ የቾኩን ሽፋን የያዙትን ሦስት ብሎኖች አላልተው፣ የሽፋኑን ምልክት ከመካከለኛው ጭረት ትንሽ ወደ ሳሳው ወገን አሳለፉት። ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚሰጠው ቦቢና ወደ ቾኩ የሚሄደው ሽቦ 12 ቮልት ማድረሱንም ለኩ፤ በሽፋኑ ውስጥ ያለውን ጥምዝምዝ ሞላ አሙቆ ቾኩን የሚከፍተው ይህ ኤሌክትሪክ ነውና። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ፤ ክዳኑም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ቀጥ ብሎ ሲቆም አብረን አየን።

የማልወድላቸውም አለ። ደረሰኝ አይሰጡም፤ መለዋወጫ ስለማይዙ የአየር ማጣሪያውን ጎማ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ድረስ ልከውኛል። መኪናውን ማሳደር የማይችል ሰው፣ ለምሳሌ በየቀኑ የሚሠራበት፣ ሊቸገር ይችላል። የጠየቁኝ ክፍያ የፊተኛው ጋራዥ ለአሥር ደቂቃ ካስከፈለኝ እጥፍ ነበር፤ አልተከራከርኩም። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ነዳጅ መስጫውን አንዴ ረግጬ ነው የማስነሣት፤ ጎረቤቴም በጭሱ ምክንያት መስኮቱን መዝጋት ትቷል።