የነከሰ ያማሃ 15 የጀልባ ሞተር፦ በሐይቅ ላይ ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ

ሞተሩ ያማሃ ነው፤ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ባለሁለት ስትሮክ፣ ባለሁለት ሲሊንደር፣ 246 ሲሲ። ሲገዛ ነክሶ ነበር፤ ገመዱ ቢሳብ ንቅንቅ አይልም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ በወሎ ካለው፣ ስሙም ሐይቅ ከተባለው ሐይቅ፣ ከሐይቅ ከተማ ዳርቻ እየተነሳ ዓሣና ሰው ሲያመላልስ ቆይቷል። ቆጣሪ ስለሌለው በተቃጠለው ቤንዚን ሲሰላ ወደ 110 ሰዓት ይሆናል።

በዝገት የነከሰ ሞተር መግዛት ያዋጣል። በሙቀት የነከሰ ግን በርካሽ ቢሰጥም ይቅር። ደግሞም የነከሰውን ማላቀቅ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው። ሞተሩ ወሎ ላይ እንዲሠራ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሁለቱን ለመለየት ካንዴላዎቹን (እሳት ሰጪዎቹን) ፈትቶ ማየት ይበቃል። ካንዴላው ጫፍ ላይ እንደ ብር የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ጠብታዎች ካሉ ፒስተኑ ቀልጧል፤ ሞተሩ ውሃ አጥቶ ወይም ዘይት አንሶት ነው የነከሰው። ካንዴላው ደህና ሆኖ በባትሪ ብርሃን ሲታይ የሲሊንደሩ ግድግዳ ቡናማ ከሆነ ዝገት ነው። ዝገቱ የሚይዘው ፋሻውን (በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን የብረት ቀለበት) እንጂ ፒስተኑን አይደለም፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ስለዚህም ይላቀቃል።

የመጣበትንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከጣና ወይም ከዝዋይ የመጣ ጨው አልነካውም። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ከሆነ በቡሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ይታያል፤ የቴስታታውም (የሲሊንደሩ ራስ ክዳን) የጭስ ማስወጫ ክዳኑም ቡሎኖች ሲፈቱ ይሰበራሉ። አንድ የተሰበረ ቡሎን ማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የተለመደው ስህተት የነከሰው ክፍል የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ ፒስተኑን ማሰቃየት ነው። መጀመሪያ የታችኛው እግር ከነማርሹ ይፈታ። ከዚያ በኋላ ቮላኖው (ከላይ ያለው ከባዱ መዘውር) ከዞረ የነከሰው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወይም የውሃ ፓምፑ ነው ማለት ነው። እግሩን መፍታት ሌላም ጥቅም አለው፤ ሞተሩን ወደኋላና ወደፊት ስናወዛውዝ የፓምፑ ላስቲክ ክንፎች በተቃራኒ ታጥፈው አይቀደዱም።

ለማላቀቅ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ በየካንዴላው ቀዳዳ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈስሳል። የጀልባ ሞተር ሲሊንደሮች አግድም ስለሆኑ ሞተሩ ቆሞ ቢፈስስበት ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ከጀልባዋ ጋር በሚታሰርበት መያዣ በኩል ወደ መሬት አስተኝቶ የካንዴላ ቀዳዳዎቹን ወደ ሰማይ ማድረግ ግድ ነው። ባለሁለት ስትሮክ ሲሊንደር ጎኑ ላይ ቀዳዳ ስላለው ዘይቱ ሾልኮ ያልቃል፤ በየቀኑ ይጨመር። ይኸኛው ሞተር አምስት ቀን ፈጅቷል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ በቮላኖው ዳዶ ላይ ቁልፍ አስገብቶ በልኩ ወዲህ ወዲያ መግፋት ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከተነቃነቀ ሥራው አልቋል። በካንዴላው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ መምታት ፒስተኑን ይበሳል። ካልሆነ ቴስታታው ይነሳና በወይራ እንጨት ቁራጭ ቀስ ተብሎ ይመታ፤ ወይራ አይሰነጠቅም፣ ፒስተኑንም አይቧጭርም።

ሲላቀቅ ወዲያው ማስነሳት ግን ፋሻውን ይጨርሰዋል። መከፈት አለበት። የሲሊንደሩ መደበኛ ስፋት 56 ሚሜ ነው። ዝገቱ ጉድጓድ ካልሠራ ማለስለስና አዲስ ፋሻ ይበቃሉ። ከሠራ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ይሰፋል፤ ነገር ግን ፒስተኑ በእጅ ሳይገባ ሲሊንደር አይሰፋ። 56.25 ወይም 56.50 ፒስተን ተገኝቶ፣ ተለክቶ፣ ሲሊንደሩ በእሱ ልክ ይቆረጣል። የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ፓራኦሊዮዎችም (ዘይትና አየር የሚያግዱ የላስቲክ ቀለበቶች) ሳይታዩ አይታለፉ። ሲቆሙ ደርቀው ይሰነጠቃሉ፤ የላይኛው አየር ካስገባ የላዩ ሲሊንደር ቤንዚን ያንሰውና ይግላል። ያኔ በዝገት የነከሰው ሞተር በሙቀት ይነክሳል። የውሃ ፓምፑ ላስቲክ፣ የካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ጓርኒሲዮኖችና (ማሸጊያዎች) የቤንዚን ቱቦዎች ያለ ጥያቄ ይለወጡ። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከሞተሩ ግዢ እጥፍ ሆኗል፤ ዋጋ ስትደራደሩ ይህን አስቡ።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ፤ ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። የሐይቅ ውሃ ከ1,900 ሜትር በላይ ነው፤ ጎረቤቱ አርዲቦ ሐይቅ ደግሞ ከእሱም ይበልጣል። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የእመቃ ግፊቱ (ኮምፕሬሽኑ) ሲለካ በጠረፍ 120 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 95 አካባቢ ያሳያል። መካኒኩ “ኮምፕሬሽን የለውም” ብሎ ከፈረደ ተሳስቷል፤ መታየት ያለበት የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው፤ ከአሥር በመቶ አይብለጥ። ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ 15 የተባለው 12 ነው።

አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ እንደ ጠረፉ ሲገባ ደግሞ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ይታነቃል። መፍትሔው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ዋና ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) አንድ ደረጃ በሚያንስ መለወጥ ነው። ከጣና የመጣ ሞተር ለዚያ ተስተካክሎ ከነበረ እዚህም ይሆናል፤ ከፍታው ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን ጄቱ የተቀነሰ ሞተር ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ጠረፍ ሲወርድ የድሮው ካልተመለሰለት ይቃጠላል። የድሮውን ጄት በላስቲክ ጠቅልሎ ከክዳኑ ሥር ማሰር ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩ። ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መድረስ አለበት። አብሮት በመጣው ባለ 10 ኢንች ፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት)፣ አምስት ሰው ተጭኖ 4,300 ላይ ይቆም ነበር። ባለ 8 ኢንች ሲገባ ወደ 4,700 ወጣ። የጀልባዋ ፍጥነት አልቀነሰም፤ ከዳር ስትነሳም እንደ በፊቱ አታቃስትም። በዙር እጥረት እያቃሰተ የሚሠራ ሞተር ቶሎ ያልቃልና ይህ ወጪ አይዘለል።

ዘይቱ 50 ለ 1 ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ፣ ለ24 ሊትር ታንክ 480 ሚሊ። ፋሻው አዲስ ስለነበረ የመጀመሪያው 10 ሰዓት በእጥፍ፣ 25 ለ 1 ሄዷል። ቲሲ ደብሊው 3 (TC-W3) የሚል ጽሑፍ ያለው የጀልባ ዘይት ይሁን። የሞተር ሳይክል ዘይት ሲቃጠል አመድ ይተዋል፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ውስጥ ያ አመድ ፋሻውን ያጣብቃል።

በ8 ወር ውስጥ ኃይለኛ ብልሽት አልመጣም። ማቀዝቀዣው እየሠራ መሆኑን የሚያሳየው፣ ጎኑ ላይ የሚፈስሰው የውሃ ክር አንድ ጊዜ ቀጥኖ ቀዳዳው በሽቦ ሲጸዳ ተመልሷል፤ ክሩ ጨርሶ ሲጠፋ ግን በሰከንዶች ውስጥ ማጥፋት ነው። ትልቁ ጠላት የዓሣ መረብ ነው። ቀጭኑ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ በዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ፓራኦሊዮውን ይቆርጣል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። በየካቲት የካምቢዮው ዘይት ሲፈተሽ እንደ ወተት ነጥቶ ተገኘ፤ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ፓራኦሊዮውና 250 ሚሊ ዘይት ተለወጡ። ያኔ ባይታይ ኩሽኔታዎቹ (ዘንጉ የሚዞርባቸው ቀለበቶች) ዝገው ካምቢዮው ይነክስ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ፕሮፔለሩ ይፈታል፣ ክሩ ይለቀማል፤ አሥር ደቂቃ ነው። ዘይቱም ከታችኛው ቀዳዳ ተገፍቶ በላይኛው እስኪወጣ ይሞላል፤ ከላይ ቢፈስስ አየር ይዞ ይጎድላል።

መያዣ ብሎኖቹን በየጠዋቱ አጥብቁ፣ ሞተሩንም በወፍራም ገመድ ከጀልባዋ ጋር እሰሩት። የዚህ የሐይቅ ሐይቅ ጥልቀት እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፤ የወደቀ ሞተር አይወጣም።