ጎንደር ላይ ደረቴን ሲወጋኝ ያገኘሁት አገልግሎት

ለጥምቀት ወደ ጎንደር ለምትሄዱ ወገኖቼ ስለ ማረፊያና ስለ ምግብ ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ እኔ ስለ ሕክምናው ልንገራችሁ። የያዘኝ የልብ ሽፋን መቆጣት፣ ሐኪሞች ፔሪካርዳይተስ የሚሉት ነው። በጀርባዬ ስጋደምና አየር በረጅሙ ስስብ ይወጋኛል፤ ተቀምጬ ወደ ፊት ሳጎነብስ ይቀለኛል።

መጀመሪያ የሄድኩበት የግል ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» ብሎ መድኃኒት ጽፎ ሸኘኝ። ደረቴን ወጋኝ ያለን ሰው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት የሚያሳይ ምርመራ) ሳያነሱ መሸኘት ነውር ነው! ሌሊቱን ሲብስብኝ የእህቴ ልጅ በባጃጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አደረሰኝ። ሾፌሩ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ከመደበኛው ሒሳብ በላይም አልቀበልም አለ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተጀመረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የወጣ ነው፤ የማስተማር ልማዱ አሁንም ይታያል። ወጣቷ ሐኪም «እናቴ፣ እስቲ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉልኝ፤ አሁን አየር አስወጥተው ትንፋሽዎን ይያዙ» ብላ ማዳመጫውን ከደረቴ አጥንት በስተግራ አሳረፈች። ረዘም አድርጋ አዳመጠች። የተቆጡት ሽፋኖች እርስ በርስ ሲፋተጉ አዲስ ጫማ ሲረገጥ ዓይነት ድምፅ አለው አሉ። ፈቃዴን ጠይቃ ተማሪዎቿንም አሰማቻቸው።

ኢሲጂ፣ የደም ምርመራ፣ ከዚያም ልቤ ዙሪያ ውኃ መቋጠሩን ለማየት የልብ አልትራሳውንድ ተሠራልኝ። ጥቂት ፈሳሽ ነበር፤ ልብን የሚያስጨንቅ ግን አልነበረም። ስለ ሳል፣ ስለ ሌሊት ላብና ስለ ክብደት መቀነስ አጥብቃ ጠየቀችኝ። በውጭ አገር አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ይጠረጠራል፤ በአገራችን ግን ቲቢ ዋና መንስኤ በመሆኑ ሳይጣራ አይታለፍም። የደረት ራጅና የአክታ ምርመራዬ ነጻ ወጣ።

ከምግብ ጋር የሚወሰድ አይቡፕሮፌን፣ ጨጓራ የሚጠብቅ ኦሜፕራዞልና ለ3 ወር መቆጣቱን የሚያበርድ ኮልቺሲን ታዘዘልኝ። ኮልቺሲኑን ፒያሳ ዞረን አጣነው፤ ከአዲስ አበባ በሰው ተላከልኝ። ይህ በሽታ ከዚህ በፊት የያዛችሁ ካላችሁ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ የመመለስ ልማድ አለው። ድካም ስለተከለከልኩ ታቦቱን አጅቤ ወደ ፋሲል መዋኛ አልወረድኩም፤ ይህ አስለቅሶኛል። የማረፊያ ቤቱ እመቤት ግን ቀና ብዬ እንድተኛ ትራስ ደራርባ፣ አጥሚት አፍልታ እንደ እህት አስታመመችኝ።

ስትወጡ የሕክምና ማጠቃለያውንና የኢሲጂውን ወረቀት ጠይቃችሁ ተቀበሉ። የእኔን ወደምኖርበት ስመለስ የልብ ሐኪሜ አንብቦ ሕክምናውን አንድም ሳይለውጥ ቀጠለበት።