አዳማ ላይ የቤት ካሜራ ለማስገጠም ላሰባችሁ

በመጀመሪያ እጁ ይባረክ! አዳማ እናቴ ቤት አራት ካሜራ የገጠመልንን ልጅ ነው የምለው። ስሜን አደባባይ አታውጣው ስላለኝ አልጠራውም።

ከእሱ በፊት የመጣው ሰው ግቢውን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ የዋይፋይ ካሜራ ካልሸጥኩላችሁ ብሎ ነበር። ይሄኛው ግን ገና እንደገባ ሜትሩን አውጥቶ ከሳሎን እስከ ውጭ በር ለካ። ከዚያ "እማማ፣ በገመድ ይሁንልዎት" አላት። ፒኦኢ በሚባለው ዘዴ አንዱ የኔትወርክ ገመድ መብራቱንም ምስሉንም ይዞ ይሄዳል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ። በየካሜራው ሥር ሶኬት ፍለጋ የለም። ካሜራዎቹ መብራት የሚያገኙት ምስሉን ከሚያስቀምጠው መቅጃ በገመዱ በኩል ስለሆነ፣ መቅጃውንና ራውተሩን አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባለባትሪ ዕቃ) ላይ ከሰካችሁ፣ መብራት ቢሄድም ባትሪው እስከቻለ ሁሉም ካሜራ ይሠራል። መብራት በሄደ ቁጥር የሚተኛ ካሜራ ምን ይረባል?

ዕቃውን እሱ አልሸጠልንም። ዝርዝሩን ጽፎ ሰጠን፣ ሱቅም አብሮኝ ሄደ። እዚያ ነው ልቤን ያገኘው። ባለሱቁ "ንጹህ መዳብ ነው" ብሎ ያወጣለትን ገመድ ጫፉን ልጦ አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። ከቀዩ ሥር ነጭ አሉሚኒየም ብቅ አለ። አልተጨቃጨቀም። ጥቅልሉን ገፋ አድርጎ "ሌላ አለህ?" ብቻ አለው። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ለፒኦኢ አይሆንም፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል፣ ገመዱ ይሞቃል፣ ጫፉም ቶሎ ይሰበራል።

ግድግዳውን ሲበሳ ቀዳዳውን ወደ ውጭ ዘቅዘቅ አደረገው፤ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ እንዳይገባ። የአዳማን ነፋስና አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫው እዚያ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ለዚህ ነው ለውጭው ክቡን ዶም ትቶ እንደ ቱቦ ረዘም ያለውን ቡሌት ያስገዛን። የዶሙ ሽፋን አቧራ ሲይዝ፣ ካሜራው ማታ ለማየት የሚያበራው ኢንፍራሬድ ብርሃን እዚያው ያንጸባርቅና ምስሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። የማንጎው ቅርንጫፍ በተወዛወዘ ቁጥር ስልካችን እንዳይጮህም ማንቂያውን ለሰው ብቻ አደረገው።

አንዱ ካሜራ የጎረቤታችንን ግቢ ያይ ነበር። ያቺን ጥግ ምስሉ ላይ በጥቁር ሸፈናት። እናቴ "ተው፣ የእሷም ይጠበቅላት እንጂ!" ብላ ተከራከረችው። አልሰማትም፤ ልክ ነበር።

ቀረጻው እዚያው ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት ቢቋረጥም አይቆምም፤ የሚቀርባችሁ ከሩቅ በስልክ ማየቱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ሲቀዳ ባለ 2 ቴራባይቱ ዲስክ አራቱን ለ11 ቀን ያህል ይይዛል፤ ከዚያ አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል። መቅጃውን ቴሌቪዥኑ ሥር ላድርገው ስለው ሳቀብኝ። ሌባ መጀመሪያ የሚያነሳው እዚያ ያለውን ነው አለና አየር ወዳለው ጓዳ ወሰደው። የይለፍ ቃሉን እህቴ ስትጽፍ ፊቱን አዞረ፤ እሱ አያውቀውም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በሰዓት አይታማም አልልም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ካላችሁ አራት ሰዓት ጠብቁት። ዋጋውን ከራሱ ጋር ተነጋገሩ፤ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።