የአሜሪካ «አድሚሽን ከነስኮላርሺፑ» ለሚሸጡላችሁ አማካሪዎች ከመክፈላችሁ በፊት

ልጆቻቸውን ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ለመላክ የሚዘጋጁ ቤተሰቦች በእኛ ቤት የደረሰውን አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል በሚል ይህን እጽፋለሁ። እህቴ 12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስታጠናቅቅ፣ አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የትምህርት አማካሪ ድርጅት 60,000 ብር ከፍለን «አድሚሽኑ ከነስኮላርሺፑ መቶ በመቶ ይገኛል» ተባልን። በሦስተኛው ሳምንት የመግቢያ ደብዳቤው መጣ። ደብዳቤው ሐሰተኛ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲውም ዕውቅና ያለው ነው።

የተደበቀብን ወጪው ነበር። ስኮላርሺፕ የተባለው 12,000 ዶላር፣ ዩኒቨርሲቲው የተወሰነ ነጥብ ላመጣ አመልካች ሁሉ የሚሰጠው የክፍያ ቅናሽ ሆኖ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ ማመልከቻ የሚሰጠው፣ አይ-20 የሚባለው ቅጽ ሲደርሰን የትምህርቱ፣ የመኖሪያው፣ የምግቡና የጤና መድኑ ወጪ ተደምሮ 41,000 ዶላር ተጽፎበታል፤ ቅናሹ ተቀንሶም ለአንድ ዓመት ብቻ 29,000 ዶላር ይቀራል። ቅጹን ለማግኘት የባንክ ማስረጃ ሲጠየቅ አማካሪው «ለወረቀት ያህል ነው» ብሎ፣ እዚያ የሚኖር የሩቅ ዘመዳችንን ሂሳብ እንድናስገባ መከረን። ምክሩን መቀበላችን የራሳችን ጥፋት ነው፤ አልክድም። ቆንስሉ ወጪዋን ማን እንደሚሸፍንና ዘመዳችን ለምን እንደሚከፍልላት ሲጠይቃት መልስ አጥታ፣ ለቪዛው ብቁ መሆኑን ያላሳመነ አመልካች በሚከለከልበት የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 (ቢ) ቪዛ ተከለከለች። የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር አይመለስም፤ ሴቪስ ለሚባለው የአሜሪካ የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት የከፈልነውም 350 ዶላር እንዲሁ።

ገንዘባችንን ስንጠይቅ ውላችንን አሳዩን፤ አገልግሎቱ የሚጠናቀቀው የመግቢያ ደብዳቤ ሲገኝ ነው ይላል። ቪዛ የሚል ቃል የለበትም።

በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ለሚያመጣላቸው ወኪል ኮሚሽን እንደሚከፍሉ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አማካሪው የሚያቀርብላችሁ ዝርዝር የልጃችሁን ውጤትና የእናንተን አቅም አይቶ የተመረጠ ይሁን፣ ወይስ ኮሚሽን የሚከፍሉት ብቻ የተሰበሰቡበት፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁት። ቅናሹ ተነስቶ የሚቀረውን ክፍያ በአራት ዓመት አባዙት፤ ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደሰው በምን ነጥብ እንደሆነም ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ አግኙ። «እዚያ ሄዳ ሠርታ ትሸፍነዋለች» የሚለውን አትመኑ፤ የውጭ ተማሪ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በግቢው ውስጥ መሥራት የሚችለው በሳምንት ቢበዛ 20 ሰዓት ነው፤ የፌዴራል መንግሥቱ የትምህርት ድጋፍም አይመለከተውም። ለእኛ አቅም የሚቀርቡ አማራጮች ግን ነበሩ፦ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማመልከት ክፍያ አይጠይቅም፤ አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም የትምህርት ክፍያ የላቸውም፣ ምንም እንኳ ለቪዛው የዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በተዘጋ ሂሳብ (በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) ማሳየት ቢያስፈልግ። ስለ ሁለቱም አማካሪው አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳልንም።

እንደ እኛ ቪዛ የተከለከላችሁ ካላችሁ፣ በ12 ወር ውስጥ ለዚያው የቪዛ ዓይነት እንደገና ካመለከታችሁ የሴቪሱን ክፍያ ዳግም መክፈል ስለማይጠበቅባችሁ ደረሰኙን አትጣሉ።