ባለ ሁለት ቱቦ ወይስ ባለ ሦስት? ከፖንቱን ጀልባችን ጋር ሁለት ሰመር

አማቴ የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ጀልባውን መጀመሪያ ያዩት ደጃችን ላይ ትሬለሩ ላይ እንደተጫነ ነው። ዞር ዞር ብለው ቃኙትና «ይሄ ሳሎን ነው እንጂ ምኑ ጀልባ ነው?» አሉ። አልተሳሳቱም። ፖንቱን ማለት በታሸጉ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ የተነጠፈ ወለል ነው። ዙሪያውን አጥር፣ ውስጡ ሶፋ፣ በላይ ጥላ፣ ከኋላ ሞተር። እንደ ሌላው ጀልባ ጎድጓዳ ሆድ የለውም።

የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። የመኪናችን ታርጋ «10,000 ሐይቆች» ይላል፤ ሲቆጠሩ ግን 11,842 ናቸው። ፖንቱንም የተወለደው እዚሁ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አምብሮዝ ዊረስ የሚባል የሪችመንድ ገበሬ የብረት በርሜሎችን ጫፍ ለጫፍ በየደና ከላያቸው የእንጨት መድረክ ገጠመ። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው። የተቀየረው በርሜሉ ነው።

እኛ የገዛነው በሜይ 2024 ነው። ከዚያ በፊት ግን በሁለት ጀልባዎች መሀል ሦስት ሳምንት ተጨቃጭቀናል። አንደኛው አዲስ ነው፤ 20 ጫማ ርዝመት፣ ሁለት ቱቦ፣ 60 የፈረስ ጉልበት። ሁለተኛው ሦስት ዓመት የተነዳ ነው፤ 22 ጫማ፣ ሦስት ቱቦ፣ 150 የፈረስ ጉልበት። ባለ ሦስት ቱቦውን እዚህ ትራይቱን ይሉታል። ያገለገለ ሆኖ እንኳ ከአዲሱ በ11 ሺህ ዶላር ይበልጥ ነበር። የኔ ልብ እሱ ላይ ነበር። 150 ፈረስ እያለ 60 የሚመርጥ ወንድ አለ?

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «በምን ልትጎትተው ነው?»

ያለን መኪና ሃይላንደር ነው። ቢበዛ 5,000 ፓውንድ ይጎትታል። ትራይቱኑ ከነሞተሩ፣ ከነትሬለሩና ከነቤንዚኑ እዚያው ቁጥር አፋፍ ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ደግሞ ስድስት ሰውና የቀን ሙሉ ምግብ አለ። ለካ ጀልባ እየመረጥን መኪናም እየመረጥን ነበር። ፒክአፕ የመግዛት ሐሳብ አልነበረንም። ባለ ሁለት ቱቦውን ወሰድን።

ትራይቱኑን ማን ቢገዛው ጥሩ ነው? ጓደኛዬ፣ የልጄ የክርስትና አባት። እሱ ፒክአፕ አለው። እና ሁለት ሰመር ሙሉ ሚኔቶንካ ሐይቅ ላይ ጎን ለጎን ስንሄድ፣ አንዳንዴም ስንቀያየር ቆየን። የሁለቱንም ኩባንያ ስም ትቼዋለሁ። ልዩነቱ ከስሙ ይልቅ ከቱቦውና ከሞተሩ የሚመጣ ነው።

ከሚያስማማን ልጀምር። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ተራ ጀልባ ላይ ለመውጣት ወደ ታች መዝለል አለ፣ መንገዳገድ አለ። ፖንቱን ላይ የጎን በሩን ከፍተው ከመቆሚያው አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፤ አለቀ። ወለሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሕፃን ሲንከባለልም፣ ትሪ ሲዞርም ምንም አይል። በዚህ በኩል ሁለቱ ጀልባዎች አይበላለጡም። ለቤተሰብ ሽርሽር ለሚያስብ ሰው ግማሹ ጥያቄ እዚህ ላይ ተመልሷል።

ቡናውስ ላላችሁኝ፣ ሞክረናል። ከሰል የማይታሰብ ነው፤ ከኋላ የቤንዚን ታንክ አለ። ትንሽ የጋዝ ምድጃም አንድ ቀን ይዘን ወጣን። ንፋሱ እሳቱን ወደ ሶፋው ሲገፋው ጊዜ ባለቤቴ አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ ቡናው ቤት ተፈልቶ በቴርሞስ ይመጣል። ጀበናዋ ለፎቶ ብቻ ናት። ፈንድሻውን ንፋስ ከወሰደው በኋላ ዳክዬዎች ለግማሽ ሰዓት ተከትለውናል።

አሁን ወደ ልዩነቱ። አራት ሆነን ስንወጣ የኛው ጀልባ በሰዓት 20 ማይል ገደማ ይሄዳል። ለወሬ፣ ለዓሣ ማጥመድና ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ወረቀቱ አሥር ሰው ይይዛል ይላል። ይይዛል፤ ግን ዘጠኝ ሆነን 13 ማይል ላይ ሞተሩ እያቃሰተ ነው። በተነፋ ጎማ ላይ ልጅ ከኋላ መጎተት? የሰባት ዓመቷ ልጄ ደስ ብሏት ትጮሃለች። የወንድሜ ልጅ ግን 18 ዓመቱ ነው፤ እሱ ሲወጣበት ጀልባው «ተወኝ» የሚል ይመስላል። ትራይቱኑ ዘጠኝ ሰው ጭኖ 33 ማይል ይሄዳል፤ ሲዞርም እንደ ብስክሌት ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል። የኛው እንደ አውቶቡስ ነው የሚዞረው። ሐይቁ ላይ የቀን የፍጥነት ጣሪያው 40 ማይል ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ለፉከራ ነው።

የፍጥነቱን ነገር እረሳዋለሁ። ማዕበሉን ግን አልረሳውም።

ሚኔቶንካ ብዙ ወሽመጦች የተያያዙበት ትልቅ ሐይቅ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እንደ መስታወት ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ትልልቅ ጀልባዎች ከየአቅጣጫው ሞገድ ይልካሉ። ያለፈው ጁላይ አንድ ቅዳሜ ዘጠኝ ሆነን ወጣን። ልጆቹ በሙሉ የፊቱ ሶፋ ላይ ናቸው። አንድ ከባድ ጀልባ ከፊታችን አቋርጦ አለፈ፤ ሞገዱ ሲመጣ ደነገጥኩና ነዳጁን በአንዴ ዘጋሁት። ስህተቱ እሱ ነው። ጀልባው አፍንጫውን ደፋ፤ ቀጣዩ ሞገድ በፊት በር ስር ገብቶ ወለሉን አጥለቀለቀው። ጫማ ተንሳፈፈ፣ ሰላጣው ሄደ፣ አንድ ስልክ ሞተ። ማንም አልተጎዳም፤ ልጆቹ እንዲያውም «ድገመው» አሉ። አማቴ ነጠላቸውን እየጨመቁ «ጣና እንኳ እንዲህ አላደረገኝ» አሉኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት ባለ ሁለት ቱቦ ፊቱ ላይ ሸክም ከበዛበት የሚያነሳው ነገር የለም። አሁን ሞገድ ሲመጣ ከሩቁ ቀስ ብዬ እቀንሳለሁ፤ አፍንጫው ቀና እንዲል ግን ትንሽ ነዳጅ እተዋለሁ። ሞገዱንም በግንባር ሳይሆን ሰያፍ እቀበለዋለሁ። ከባዱ ሰውና የበረዶ ሳጥኑ ከኋላ ይሆናሉ። እንዲህ ከሆነ ደህና ነው። የሦስተኛው ቱቦ ጥቅም በእርግጥ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። የጓደኛዬ ጀልባ ያንኑ ሞገድ ከፍ ብሎ አለፈው፤ ሻይ እንኳ አልፈሰሰበትም።

አንድ ነገር ግን ቱቦው ሁለትም ይሁን ሦስት አይለወጥም። ጀልባው ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ፣ የወለሉ ጫፍ ላይ ማንም አይቀመጥም። ከዚያ የወደቀ ሰው በቀጥታ ወደ ፕሮፔለሩ ነው የሚሄደው። ሚኒሶታ ውስጥ ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። እኛ ጋ ዋና ለማይችል አዋቂም ግዴታ ነው፤ አማቴ ከነጠላው በላይ ለብሰውት ንግሥት ይመስላሉ። የወንድሜ ልጅ ደግሞ መሪ እስኪይዝ ኮርስ ወስዶ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ለወጣቶች ሕግ ሆኗል።

ስለ ሽንት ቤት ማንም ሻጭ አያወራም። እናቶችና ልጆች ይዞ ስድስት ሰዓት ውሃ ላይ ለሚውል ሰው ግን ከቱቦው ቁጥር የሚበልጥ ጉዳይ ነው። የኛው ከሶፋው ሥር ተስቦ የሚቆም የልብስ መቀየሪያ መጋረጃ አለው። ውስጡ በእጅ የሚያዝ ሽንት ቤት አስገባን፤ 100 ዶላር አልሞላም። ትራይቱኑ ያንን ቦታ ለድምፅ ማጉያ ሰጥቶታል። በዚህ ምክንያት የጓደኛዬ ባለቤት የኛን ጀልባ ትመርጣለች፤ እሱ ይሄን ሲሰማ ያኮርፋል።

ወጪው ላይ አልቆይም። ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሠራ በሰዓት የሚጠጣው የፈረስ ጉልበቱን ለአሥር ብታካፍሉት የሚገኘውን ጋሎን ያህል ነው ይባላል። በኛው እንደዚያው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀስ ብለን ውለን ስድስት ጋሎን ያህል እንጨርሳለን፤ ጓደኛዬ ልጆች ሲጎትት ከዋለ እጥፉን።

ሌላው የበረዶው ወራት ነው። እኔ ክረምት ስል ልጆቼ የሚገባቸው ሐይቅ ላይ በእግር የሚኬድበት ጊዜ ነው። ኦክቶበር ላይ ጀልባው ይወጣል። ቤንዚኑ ውስጥ ማቆያ ፈሳሽ ይጨመራል፣ የታችኛው የማርሽ ዘይት ይቀየራል፣ ባትሪው ወደ ቤት ይገባል፣ ሞተሩ ውሃው እንዲወርድ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ማርሹ ውስጥ ውሃ ከቀረ በረዶ ሆኖ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ለአንድ ጋራዥ ከፍዬ አሠራሁ፤ ስፕሪንግ ላይ ስከፍተው ባትሪው እዚያው ሞቶ አገኘሁት። ሁለተኛውን ዓመት ራሴው ሠራሁት። አንድ ከሰዓት በቂ ነው።

ከሐይቅ በወጣን ቁጥር ደግሞ የውሃ መውረጃ ክዳኑን መንቀል፣ ውሃውን ማፍሰስ፣ ትሬለሩ ላይ የተጠቀለለውን ሣር መልቀም አለ። ሕግ ነው። ዜብራ መስል የምትባለው ትንሽ ቀንድ አውጣ መሳይ ሚኔቶንካን ይዛዋለች፤ ወደ ሌላ ሐይቅ ይዘናት እንዳንሄድ ነው። ሰው ሁሉ ሲደክመው የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ልጆቹን በአይስክሬም ነው የማሠራቸው።

አሁን እንደገና ብገዛ? ያንኑ ባለ ሁለት ቱቦ፣ ግን በ90 የፈረስ ጉልበት። የኔ ቅሬታ አብዛኛው ከሞተሩ ነው፤ 60 ላይ የቆምኩት ሦስት ሺህ ዶላር ላተርፍ ብዬ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር ሰው ይዞ ትልቅ ሐይቅ ላይ የሚወጣ፣ ፒክአፕም ያለው ሰው ግን ሳያመነታ ትራይቱን ይግዛ። ትንሽ ሐይቅ ላይ ለሚውል ሦስተኛው ቱቦ ገንዘብ መጣል ነው።

ሻጩ ለሙከራ ሲያወጣችሁ እናንተና እሱ ብቻ ትሆናላችሁ፤ ያኔ የማይበር ጀልባ የለም። እኔን የሸወደኝ እሱ ነው። ቤተሰቡን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ አያትም ካሉ ጭምር። ከዚያ ልጆቹን ፊት አስቀምጡና ሞገድ ፈልጉ።