«ሄፌ ዴ ሄፌስ»፦ ስሙን የደበቀው አለቃ

ስለ ሜክሲኮ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች የሚዘፈነው ዘፈን፣ በአገሩ አጠራር ናርኮኮሪዶ፣ ለምን እንደሚወደድም ለምን እንደሚወገዝም በአንድ ሥራ መረዳት ለሚፈልግ አድማጭ፣ ሎስ ቲግሬስ ዴል ኖርቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡትን «ሄፌ ዴ ሄፌስ» («የአለቆች አለቃ») የተባለውን ባለ ሁለት ዲስክ አልበም ከሁሉ አስቀድሜ እጠቁማለሁ። ባንዱ ከሜክሲኮዋ የሲናሎአ ግዛት ገጠር ተነሥተው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆሴ ውስጥ የከተሙ የኤርናንዴስ ወንድማማቾች ቤተሰባዊ ባንድ ነው።

የአልበሙ መጠሪያ በሆነው ዘፈን ላይ ከግጥሙ በፊት የሁለት ሰዎች አጭር ጭውውት ይሰማል፤ ኮሪዶን (ታሪክ የሚተርከውን የሜክሲኮ ሕዝባዊ ዘፈን) የምንወደው የሕዝባችንን እውነት ስለሚናገር ነው ይባባላሉ። ባዶ አባባል አይደለም፤ ኮሪዶ በ1910 በተቀጣጠለው የሜክሲኮ አብዮት ዘመን ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ስምና ቦታ እየጠራ የጦር ሜዳ ወሬ ያደርስ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው አለቃ ግን ስሙም ፎቶግራፉም ጋዜጣ ላይ እንደማይታይ ይፎክራል። እውነት ሊናገር የተነሣ ዘፈን የባለታሪኩን ማንነት መደበቁ የሥራው ትልቁ ጥበብ ይመስለኛል፤ አድማጩ የሚያውቀውን ሰው በልቡ ይተካል፣ ዘፋኙም የማንም ሎሌ አይሆንም። ሆርሄ ኤርናንዴስ አኮርዲዮኑን ይዞ ያለ ጩኸት፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ሲዘፍነው ፉከራው ይበልጥ ያስፈራል።

የስም ነገር ዋዛ አይደለም። ዘፋኙ ቻሊኖ ሳንቼስ በስማቸው እንዲገጥምላቸው ለሚከፍሉት ሰዎች ኮሪዶ ይሠራ ነበር፤ በ1992 በሲናሎአ ከተማ ኩሊያካን ውስጥ ከመድረክ በወረደበት ሌሊት ታፍኖ ተገደለ። በማርች 2025 ደግሞ በጃሊስኮ ግዛት ሳፖፓን ውስጥ በተካሄደ ኮንሰርት የአንድ ካርቴል (የአደንዛዥ ዕፅ ወንበዴ ቡድን) መሪ ምስል በመድረኩ ስክሪን ላይ ታየ። በዚያው ወር፣ በዚያው ግዛት፣ የጠፉ ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች በአንድ እርሻ ግቢ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጫማዎችና የሰው አጥንት ቅሪት አግኝተው ነበር። የምስሉ መታየት ያስነሣው ቁጣ ተገቢ ነበር እላለሁ። በሌላ በኩል ሲናሎአ በ2011 እነዚህን ዘፈኖች በመጠጥ ቤቶች ከልክላ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 እገዳውን ሽሮታል፤ እንዲህ ያለ እገዳ በገንዘብ የተገዛን ውዳሴ ከትረካ ለይቶ አያይም።

ለአልበሙም ቢሆን ሙሉ ምስጋና አልሰጥም። የመጠሪያው ዘፈን አለቃ ሲኮራ እንሰማለን እንጂ በእርሱ ንግድ ምክንያት ልጇን የቀበረች እናት ድምፅ በዘፈኑ ውስጥ የለም፤ ይህ እውነትን እዘፍናለሁ በሚል ሥራ ላይ ከባድ ጉድለት ነው። ስለዚህ አንዱን ዘፈን ነጥሎ ከማውረድ ይልቅ ሁለቱንም ዲስኮች መግዛት ይሻላል። «ሚስ ዶስ ፓትሪያስ» («ሁለቱ አገሮቼ») ውስጥ የአሜሪካ ዜግነት በመውሰዱ ከዳተኛ የተባለ ስደተኛ ልቡ ሜክሲኳዊ እንደሆነ ይናገራል፤ «ኒ አኪ ኒ አያ» («እዚህም እዚያም አይደለም») ደግሞ እዚህም እዚያም ፍትሕ ስላጣ ሰው ነው። ስፓኒሽ የማይሰማ ሰው ትርጉሙን አስቀድሞ ያንብብ፤ ዳንኪራ የሚያስመታው ምት የግጥሙን ክብደት በቀላሉ ይሸፍንበታልና።