የወፍ ጉንፋን የገባበት የዶሮ ቤት ኩስ፦ ኮምፖስት ወይስ መቅበር?

ኮምፖስት፦ ገለባ ወይም ሰጋቱራ፣ ውሃና ትዕግሥት ይጠይቃል። እርጥበቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ ሲሆን ክምሩ በራሱ ይግላል፤ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለተከታታይ ቀናት ከቆየ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ይሞታል። ጣጣው ጠርዙ ላይ ነው፤ እንደ መሃሉ አይሞቅም። ስለዚህ በንጹሕ ገለባ ይሸፈናል፣ ኋላም ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ቸኩሎ መገልበጥ ግን አቧራውን ከነበሽታው ይበትናል። ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር ከሌለ ሥራው ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ እዚህ አያዋጣም።

መቅበር፦ ቶሎ ያልቃል። ሆኖም ጉድጓድ ውስጥ ያን ያህል ሙቀት የለም፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ቫይረሱን ያቆዩታል፣ ከኩሱ የሚወጣው ናይትሬት የተባለ ውሃ በካይም ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። ማዳበሪያውም ቀረ።

ቦታ፣ ገለባና ሙቀቱን በየቀኑ የሚለካ ሰው ካለ ኮምፖስት ይመረጣል። ሠራተኛ ከጠፋ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቅ ከሆነና የእንስሳት ሐኪሙ ከፈቀደ መቅበር።